ታዘበው ከሰጋቱራው ካልተነሣ

ተረት ተረት። የላም በረት እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ላም የለችም። ያለው አንድ ውሻ፣ አንድ ቁልል ሰጋቱራና አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ውሻው ሰጋቱራው ላይ ተኝቷል። ኃላፊው እንዲነሣላቸው ይፈልጋሉ። የተፈለገው ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ኋላ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ቀጠሮ ሲሰጡ ኖሩ። ባለጉዳይ "ጌታዬ፣ መዝገቤስ?" ሲላቸው "ማኅተም ሲመታበት" ይሉታል። "ማኅተሙስ?" ሲል "ፊርማ ሲያርፍበት።" "ፊርማውስ መቼ ያርፋል?" ሲል "መዝገቡ ሲቀርብ" ብለው መስኮቱን በቀስታ ይዘጉታል። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አሠራሩ እንዲያ ስለሆነ ነው። ጡረታ ሲወጡ ጓሯቸው ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ ጣሉና አናጢ ሆኑ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ይህም ከሥራቸው ላይ በግልጽ ይታያል። ዳሱ ሦስት ግድግዳ አለው። አራተኛው ቀጠሮ ላይ ነው።

ውሻው ታዘበው ነው፤ ቡላ፣ ትልቅ፣ ዓይኑ እንደ አዛውንት ከበድ ያለ። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ጠርተውት ጎረቤት ሲሰማ ሥርዓት ይይዛል ብለው። ሥርዓት የያዘ ጎረቤት እስካሁን አልተገኘም። ውሻው ግን በስሙ ያድራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲታዘብ ነው የሚውለው። የሚታዘበውም ከሰጋቱራው ላይ ሆኖ ነው። የደብረ ብርሃን ክረምት አጥንት ይገባል፤ ሰጋቱራ ደግሞ ከሥር ይሞቃል። ታዘበው ጌታው ከመጋዝ ሥር ያራገፉትን ሁሉ በየጠዋቱ በእግሩ ሰብስቦ፣ ከምሮ፣ መሀሉን ጎድጉዶ ይተኛበታል። ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ ያለ ማንም ተቃውሞ የያዘው ይዞታ ነው።

ተቃውሞ የመጣው ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት ነው። ለአቶ ልሳነወርቅ ልጅ ለትርሲት እሑድ በአሥር ሰዓት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። የላካቸው ሚልኪያስ የሚባል የመንገድ ቀያሽ ሲሆን፣ ማክሰኞ ለሥራ ወደ ጎዴ ይሄዳል። ከሄደ ዓመት ሳይሞላው አይመለስም። ትርሲት ይህንን ለአባቷ ነግራ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፦

"አባዬ፣ እሑድ ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ እንዳትሰጥ።"

አቶ ልሳነወርቅ ነገሩ በእሳቸው እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዷት። የሚወስነው አግዳሚው ወንበር ነው። የቤቱን አሮጌ ሶፋ ፈታትተው፣ በእንጨቱ ላይ ዋንዛ ጨምረው፣ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ አግዳሚ ሠርተዋል። ቫርኒሽ ብቻ ቀርቶታል። ቫርኒሹ ተቀብቶ ከደረቀ ሽማግሌው ይቀመጣል፤ ጉዳዩም ይሰማል። ካልደረቀ ግን ለመስቀል ማግሥት ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ችሎት ያለ ወንበር አይሰየምማ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይፍቱሥራ ከእድር የላስቲክ ወንበር እንዋስ ቢሉ፣ ልጅ በላስቲክ ወንበር ተቀምጦ አይጠየቅም ብለው መለሱላቸው።

ቫርኒሹ ማክሰኞ ተቀብቶ ነበር። ታዘበው ከተኛበት ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ ከጆሮው እስከ ጭራው ተራገፈ። አግዳሚው በሶ የነሰነሱበት መሰለ። አቶ ልሳነወርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ሐሙስ እንደገና ቀቡት። ታዘበው ሐሙስም ተራገፈ። ደጅ አውጥተው እንዳይቀቡት ዝናብ ነው፤ ቤት አስገብተው እንዳይቀቡት ወይዘሮ ይፍቱሥራ ሽታውን አይችሉትም። ውሻውን ማሰርም ተሞክሯል። የታሰረበትን የዳሱን ቋሚ ይዞት ሄደ፤ ግማሹ ጣሪያም ተከተለው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ዛሬ ካልተቀባ ለነገ አሥር ሰዓት አይደርቅም። አቶ ልሳነወርቅ ቫርኒሽና ብሩሽ ይዘው ከቁልሉ ፊት ቆሙ።

"ታዘበው፣ ተነሥተህ ውጣ" አሉት።

ታዘበው አንድ ዓይኑን ገልጦ አያቸውና መልሶ ከደነው። አቶ ልሳነወርቅ ዱላ አነሡ። ከእንጨት መሀል ያደገ ውሻ ግን ዱላ አይፈራም። አፉን ከፍቶ በወጉ ተቀበላቸውና ከአገጩ ሥር አድርጎ ተንተራሰው።

አቶ ልሳነወርቅ ነገሩን እንደ መዝገብ በተራ በተራው አስቀመጡት። ታዘበው ካልተነሣ ቫርኒሹ አይቀባም፤ ቫርኒሹ ካልተቀባ አግዳሚው አያልቅም፤ አግዳሚው ካላለቀ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ትርሲት አትዳርም። ግልጽ ጉዳይ ነው። ውሻው የሚታዘዘው ለሚያበላው ነውና ወደ ወይዘሮ ይፍቱሥራ ሄዱ።

ወይዘሮ ይፍቱሥራ ማድ ቤት ሆነው ለነገው ድግስ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ባላቸው የጉዳዩን ሰንሰለት እስከ ጫፉ ሲያወርዱ ቀና ሳይሉ ሰሙ።

"ልጠራልህማ እችላለሁ" አሉ። "ሳህኑን አንድ ጊዜ ካንኳኳሁ ከተፍ ይላል። ከዚያስ? ዳስህ እንደሆነ ፊቱ ክፍት ነው፤ እዚህ እንዳልዘጋበት ይህ በር አይገጥም። ዝናቡ ካሳበጠው ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ በዳሌዬ ስገፋው ነው የከረምኩት። አንተ ነገ መጥተው ለሚሄዱ ሰዎች አግዳሚ ሠራህ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ በር የሚልግልኝ አጣሁ። በሩን ላግልኝ፤ ያን ጊዜ እጠራዋለሁ፤ እዘጋበታለሁም።"

አቶ ልሳነወርቅ ይህን ተገቢ ሆኖ አገኙት። እሳቸውም በመስኮቱ ዘመን ከዚህ የተሻለ መልስ ሰጥተው አያውቁም። በሩ ካልገጠመ ወይዘሮ ይፍቱሥራ አይጠሩም፤ ወይዘሮ ይፍቱሥራ ካልጠሩ ታዘበው አይነሣም፤ ታዘበው ካልተነሣ ቫርኒሹ አይቀባም፤ ቫርኒሹ ካልተቀባ አግዳሚው አያልቅም፤ አግዳሚው ካላለቀ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ትርሲት አትዳርም። እንግዲህ በሩን መላግ ነው። መላጊያውን ፍለጋ ዳሳቸውን ገለበጡ። መጋዙ አለ፣ መሮው አለ፣ መዶሻው ያለ እጀታ አለ። መላጊያው የለም። በሐምሌ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብለው ለጎረቤታቸው ለሻምበል ደግአረገ እንዳዋሱት ትዝ አላቸው።

ሻምበል ደግአረገ ከጦር ሠራዊት በጡረታ ተገልለው ዶሮ ያረባሉ። አቶ ልሳነወርቅ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ጉዳያቸውን አቀረቡ፤ መላጊያው ካልመጣ በሩ አይገጥምም፤ በሩ ካልገጠመ ወይዘሮ ይፍቱሥራ አይጠሩም፤ እሳቸው ካልጠሩ ታዘበው አይነሣም፤ እሱ ካልተነሣ ቫርኒሹ አይቀባም፤ ካልተቀባ አግዳሚው አያልቅም፤ ካላለቀ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠ ትርሲት አትዳርም። ሻምበሉ ረጅም ትእዛዝ ቆሞ መስማት የለመዱ ስለሆኑ ሳያቋርጡ አዳመጡ።

"መላጊያዎ በደኅና አለ" አሉ። "ብቻ የያዘው ቦታ ቁልፍ ቦታ ነው።"

ወስደው አሳዩዋቸው። የዶሮ ቤቱ ወለል ውሃ ገብቶበታል። በመሀሉ አንድ ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች፤ ካርቶኑን ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ የያዘው የአቶ ልሳነወርቅ መላጊያ ነው። ሻምበሉ ድንጋይ ሞክረው ነበር፤ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ዶሮዋ ልትፈለፍል ሦስት ቀን ቀርቷታል። ከመላጊያው ላይ ወርዳ ረግረግ ላይ ካረፈች እንቁላሉ በሙሉ ይበላሻል።

"ደረቅ ነገር ተነጥፎ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ወርዳልዎት ነበር" አሉ ሻምበሉ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። "መላጊያውን ሲያውሱኝ ሳምንት አንድ ጆንያ ሰጋቱራ እልክልዎታለሁ ብለውኝ ነበር። ሳምንት ስጠብቅ አምስት ሳምንት ሆነኝ።"

አቶ ልሳነወርቅ ደስ አላቸው። የጎደለው ሰጋቱራ ከሆነማ ነገሩ አለቀ፤ ሰጋቱራ ሞልቷል። በአንድ እጃቸው ጆንያ፣ በአንድ እጃቸው አካፋ ይዘው ሰንሰለቱን እንደ ዳዊት እየደገሙ ወደ ዳሳቸው ተመለሱ። ሰጋቱራው ካልተነጠፈ ዶሮዋ አትወርድም፤ ዶሮዋ ካልወረደች መላጊያው አይመጣም፤ መላጊያው ካልመጣ በሩ አይገጥምም፤ በሩ ካልገጠመ ወይዘሮ ይፍቱሥራ አይጠሩም፤ ወይዘሮ ይፍቱሥራ ካልጠሩ ታዘበው አይነሣም፤ ታዘበው ካልተነሣ...

እዚህ ላይ ቆሙ። ሰጋቱራው ፊታቸው ነበር። ታዘበው ሰጋቱራው ላይ ነበር።

የዘለሉት አንቀጽ ይኖር እንደሆነ ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ታዘበው ካልተነሣ ሰጋቱራው አይነጠፍም፤ ሰጋቱራው ካልተነጠፈ ዶሮዋ አትወርድም፤ ዶሮዋ ካልወረደች መላጊያው አይመጣም፤ መላጊያው ካልመጣ በሩ አይገጥምም፤ በሩ ካልገጠመ ወይዘሮ ይፍቱሥራ አይጠሩም፤ ወይዘሮ ይፍቱሥራ ካልጠሩ ታዘበው አይነሣም። ምንም አልተዘለለም። ሁሉም ትክክል ነው። ማንም አላጠፋም። ይህን ነገር የሆነ ቦታ የሚያውቁት መሰላቸው፤ ግን ከዚህ በፊት ያዩት ከሌላኛው ወገን ስለነበር መልኩን ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው።

አካፋውን ከቁልሉ ጠርዝ አስገብተው ሞከሩ። ታዘበው ቀኝ እግሩን አካፋው ላይ አሳረፈ። ከሌላ ጎን ሞከሩ። ታዘበው ተንከባሎ ያንን ጎን ሸፈነ። ሰዓቱ ወደ ስድስት ሆነ። በወንበርነት የሚያገለግል ነገር በቤቱም በዳሱም አልነበረም፤ ሶፋው አግዳሚ ሆኗል፣ አግዳሚው ደግሞ ገና አልሆነም። አቶ ልሳነወርቅ ደከማቸውና፣ በዝናብ የበሰበሰ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ፣ ሰጋቱራው ላይ ከውሻው ጎን ዘፍ አሉ።

ካፖርቱ ቀዝቃዛ ነበር። ታዘበው ጌታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያም ተነሣ።

ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይመታው ተነሥቶ በዝናቡ ውስጥ ወደ ማድ ቤት ሄደ። የማይገጥመውን በር በአፍንጫው ገፋው፣ ገባ፣ ከተከተፈው ሽንኩርት አጠገብ ቆመና ከጆሮው እስከ ጭራው ተራገፈ።

ወይዘሮ ይፍቱሥራ ሳህንና ጭልፋ እንደያዙ ወደ ዳሱ መጡ። ሻምበል ደግአረገም ጆንያው ሲዘገይባቸው የራሳቸውን ጆንያ ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ ዘልቀዋል። ትርሲት የእናቷን ድምፅ ሰምታ ተከትላለች። ሦስቱም ያዩት አንድ ነገር ነው፤ አቶ ልሳነወርቅ በታዘበው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገባቸው ሰጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቀልቷል። ሙቀት ምን እንደሆነ ከሰኔ ወዲህ ዛሬ ገና አወቁት።

"ኧረ ተነሥ፣ ልሳኑ" አሉ ሚስታቸው።

አቶ ልሳነወርቅ ጥቂት ይቆዩ ዘንድ ጊዜ ጠየቁ። ሻምበሉ እስከዚህ ድረስ ሰንሰለቱን በቃላቸው ይዘውት ነበርና ተስተካክለው ቆመው ተናገሩት። አቶ ልሳነወርቅ ካልተነሡ ሰጋቱራው አይነጠፍም፤ ሰጋቱራው ካልተነጠፈ ዶሮዋ አትወርድም፤ ዶሮዋ ካልወረደች መላጊያው አይመጣም፤ መላጊያው ካልመጣ በሩ አይገጥምም፤ በሩ ካልገጠመ ሽንኩርቱም ሌላውም ነገር ሁሉ ለውሻው ነው። ሻምበሉ ከዚህ በኋላ ያለው እሳቸውን እንደማይመለከት ተናግረው አቆሙ።

"አባዬ፣ ማክሰኞ እኮ ነው" አለች ትርሲት።

ወይዘሮ ይፍቱሥራ በዚያው ቅጽበት ሳህኑን በጭልፋው አንኳኩ። አቶ ልሳነወርቅ ተነሡ። ከሁለቱ በየትኛው እንደተነሡ መዝገቡ አያሳይም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው። አቶ ልሳነወርቅ ሲነሡ ሰጋቱራው ተዛቀ፤ ሰጋቱራው ሲነጠፍ ዶሮዋ ወረደች፤ ዶሮዋ ስትወርድ መላጊያው መጣ፤ መላጊያው ሲመጣ በሩ ተላገ፤ በሩ ሲገጥም ታዘበው ተዘጋበት፤ ታዘበው ሲዘጋበት ቫርኒሹ ተቀባ። በአንድ ውሻ መነሣት አምስት ሳምንት የቆመ ጉዳይ በሦስት ሰዓት ውስጥ አለቀ። አቶ ልሳነወርቅ ፍጥነቱ አላማራቸውም፤ የሆነ ሥርዓት የተጣሰ መሰላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ታዘበውን ፈቱት። ዳሱን አሸተተ፣ ሰጋቱራው የለም። ሽታውን ተከትሎ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ሻምበሉ ግቢ ተሻገረና የዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ተጋደመ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፤ ኋላ ተደገፉት።

ሽማግሌዎቹ ግን አሥር ሰዓትን አልጠበቁም። ሰማዩ ሲጠቁርባቸው ዝናብ ሳይጥል ብለው በስምንት ሰዓት በሩን አንኳኩ። ሦስት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ያማረ ሱሪ። አቶ ልሳነወርቅ እነሱን ከማስገባታቸው በፊት ጠዋት ሳሎን ያስገቡትን አግዳሚ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው ተያዘ። ስቦ ለማስለቀቅ ጉልበት ጠየቀ። ይህንን ለማንም አልተናገሩም።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ከደጃፉ አልፈው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። "የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም" አሉ።

አቶ ልሳነወርቅ ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ እሺ እስኪባል እንደማይቀመጥ አገር ያውቀዋል። የራሳቸው ሽማግሌዎች ለይፍቱሥራ በተላኩ ጊዜ ሦስት ሰዓት ቆመዋል፤ የአንደኛው ጉልበት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልዳነም። ሳምንቱን ሙሉ የደከሙለት አግዳሚ ማንም ለማይቀመጥበት ጉዳይ የተሠራ ነው። ዞረው ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው ግድግዳውን አዩ።

አንጋፋው ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ፤ ደግነቱንም፣ ዘሩንም፣ ቀያሽነቱንም አወሱ። ከዚህ በኋላ ወጉ የታወቀ ነው። አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ "እንመክርበታለን፤ ከመስቀል በኋላ ተመለሱ" ይላል፣ ሽማግሌ ደጅ ይጠናል። አቶ ልሳነወርቅ በሕይወታቸው ሙሉ የተዘጋጁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ደግሞም ያድናቸዋል፤ ቀጠሮ የተሰጠው ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ያልተቀመጠ ሽማግሌ ቫርኒሽ ላይ አይጣበቅም። የማድ ቤቱ በር አሁን በደንብ ስለሚገጥም ትርሲት ከውስጥ ሆና መስማት አልቻለችም። ጣት በሚያህል ከፈተችው።

አቶ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከመስኮት ውጪ ቆሞ መዝገቤስ ማለት ምን እንደሚመስል ከትናንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ሰጋቱራው ገና ከጆሯቸው አልወጣም።

"ተሰጥታችኋለች" አሉ። ልማድ ሆኖባቸውም፣ "ተቀመጡ" ብለው ጨመሩ።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ፈጣን መልስ ሰምተው አያውቁም። ተያዩ። ቀጥሎ፣ ወጉ በሚያዝዘው መሠረት፣ ሦስቱም ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ አግዳሚው ዞሩ። አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን አነሡ፤ ምን እንደሚሉ ግን አላወቁም። የሰጡትን መቀመጫ እንደገና መንሣት ልጅቷን መንሣት ነው። ዝም ማለትም ሦስት የተከበሩ ሰዎችን በሱሪያቸው ቫርኒሽ ላይ መስፋት ነው።

የውጪው በር ተከፈተ። ሻምበል ደግአረገ የክብር ኮታቸውን ለብሰው ለምስክርነት መጡ፤ የዶሮ ቤቱን ሳይዘጉ ነው የወጡት። ታዘበው ከኋላቸው ገባ። ከራሱ እስከ እግሩ ሰጋቱራ ለብሷል፤ በጆሮው ላይ አንድ ላባ አለ። በሽማግሌዎቹ መሀል አልፎ አግዳሚው አጠገብ ቆመ። ቤቱን አንድ ጊዜ ታዘበ። ከዚያም ከጆሮው እስከ ጭራው ተራገፈ።

አግዳሚው በሶ የነሰነሱበት መሰለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡበት፤ ማንም አልተጣበቀም። አንጋፋው በእጃቸው ዳበስ አድርገው እንዲህ ያለ ለስላሳ አጨራረስ አይተው እንደማያውቁ መሰከሩ። አቶ ልሳነወርቅ አሠራሩ የቤቱ ነው አሉ።

ታዘበው ስለተራገፈ አግዳሚው አልያዘም፤ አግዳሚው ስላልያዘ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌ ስለተቀመጠ ትርሲት ታጨች። ማክሰኞ ሚልኪያስ ወደ ጎዴ ሲሄድ እጮኛ ያለው ሰው ሆኖ ሄደ። ገብስማዋ ዶሮም በዚያው ዕለት ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች፤ ሦስቱ የወጡት ታዘበው ሆድ ሥር ነው። አራተኛው ግድግዳ አሁንም ቀጠሮ ላይ ነው።

ተረቴን መልሱ፤ ስትነሡም ሱሪያችሁን አራግፉ።